ትልቅ ሆቴል ስታርፉ ቁርሱን በአባልነት እንዴት ማግኘት ይቻላል

እናቴና እህቴ ለሕክምና አዲስ አበባ ሲመጡ ሦስት ሌሊት ጥሩ ሆቴል ላሳርፋቸው ብዬ ክፍል ያዝኩ። እኔ ያኔ ሜሪላንድ ነበርኩ። የሆቴሉ የቋሚ ደንበኞች ፕሮግራም አባል ስለሆንኩና እዚያ ያለኝ ደረጃ ቁርስ ስለሚያስገኝ የአባልነት ቁጥሬን አስገብቼ፣ «ጠዋት ውረዱና እስክትጠግቡ ብሉ፣ ተከፍሏል» አልኳቸው። አልተከፈለም ነበር። ሲወጡ የሁለት ሰው የሦስት ቀን ቁርስ ሂሳብ ተሰጣቸው። እናቴ አንድም ቃል ሳትናገር መቀነቷን ፈታች። ለመድኃኒት የያዘችው ብር ነበር። ይህን የሰማሁት ከወር በኋላ ነው፣ ያውም ከእህቴ።

ከዚያ ወዲህ የዚህን ነገር ደንብ አንድ በአንድ ተምሬያለሁ። ለእናንተ እንዲጠቅም እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

1. ሆቴሉ የየትኛው ፕሮግራም አባል እንደሆነና የትኛው ደረጃ ቁርስ እንደሚያስገኝ እወቁ

አዲስ አበባ ውስጥ ከታወቁት መካከል ሂልተን በሂልተን ኦነርስ፣ መስቀል አደባባይ ያለው ሃያት ሪጀንሲ በዎርልድ ኦፍ ሃያት፣ ሸራተን አዲስ ደግሞ በማሪዮት ቦንቮይ ስር ናቸው። አባል መሆን በነፃ ነው። ኢሜይል ብቻ ይበቃል። ግን ተራ አባልነት ቁርስ አያመጣም። ቁርስ የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ባደራችሁት ሌሊት ብዛት የሚሰጠው ደረጃ ነው፣ እሱም ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ጎልድ» በሚለው ቃል ነው። በሂልተን ጎልድ ከሆናችሁ ከአሜሪካ ውጭ ባሉ ሆቴሎች ቁርስ አላችሁ። በማሪዮት ጎልድ ከሆናችሁ ግን ቁርስ የላችሁም። እዚያ ቁርስ የሚጀምረው ከፕላቲነም ነው፣ ለዚያ በዓመት 50 ሌሊት ማደር ያስፈልጋል። በሃያት ደግሞ ግሎባሊስት መሆን አለባችሁ፣ 60 ሌሊት። የሃያቱ ከባድ ቢሆንም ሲገኝ ለጋስ ነው። ክፍሉ ውስጥ ለተመዘገቡ እስከ ሁለት አዋቂና ሁለት ልጆች ድረስ ሙሉ ቁርስ ይሰጣል። ክለብ ላውንጅ፣ ማለትም ለተለዩ እንግዶች ብቻ የሚከፈት ሳሎን፣ ያለው ሆቴል ከሆነ ቁርሱ በላውንጁ ሊሆን ይችላል።

ሸራተን አዲስ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስሙ ሸራተን ይሁን እንጂ የተመደበው ላግዠሪ ኮሌክሽን በሚባለው ምድብ ነው። ስለዚህ ፕላቲነም አባል ሲደርስ ቁርስ፣ 1,000 ፖይንት (ለነፃ አዳር የሚጠራቀም ነጥብ) ወይም ሌላ ስጦታ አንዱን እንዲመርጥ ይጠየቃል። ምርጫው የእናንተ ነው፣ ዝም ካላችሁ ግን እነሱ ያሰቡትን ይመዘግባሉ።

2. ሌሊት ከመቁጠር በአቋራጭ መድረስ ይቻል እንደሆነ አስሉ

በዓመት ሁለት ጊዜ የሚጓዝ ሰው 50 ሌሊት ልቆጥር ቢል አይሆንለትም። አሜሪካ ለምትኖሩ አቋራጩ የክሬዲት ካርድ ነው። የአሜሪካን ኤክስፕረስ የሂልተን ሰርፓስ ካርድ በዓመት 150 ዶላር ያስከፍላል፣ የሂልተን ጎልድ ደረጃን ወዲያው ይሰጣል። እኔ የያዝኩት እሱን ነው፣ ወድጄዋለሁ። ነገር ግን አገር ቤት ስትመጡ ቤተሰብ ዘንድ የምታርፉና ሆቴል የምትገቡት ለአንድ ሌሊት ብቻ ከሆነ ካርዱን ለቁርስ ብላችሁ አታውጡ። ኪሳራ ነው።

አገር ቤት ወይም ዓረብ አገር ለምትኖሩ የእኔ ምክር ቀላል ነው። ቁርስ ያካተተውን ዋጋ ግዙ። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ሂሳቡን ሥሩ። ሜኑ ላይ ከዋጋው አጠገብ ሁለት የመደመር ምልክት ካያችሁ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል ማለት ነው። ለምሳሌ 25 ዶላር የተባለ ቁርስ በመጨረሻ ወደ 31.60 ዶላር ይጠጋል። ለሁለት ሰው ሦስት ቀን ሲበላ 190 ዶላር ገደማ ነው። ቁርስ ያካተተው ክፍል ከባዶው ክፍል በሌሊት 30 ዶላር ብቻ ከበለጠ ለሁለት ሰው ሳታቅማሙ ያካተተውን ያዙ።

3. ስማችሁን አስተካክሉ

ሰው የሚንቀው ግን ብዙ ሐበሻ የሚጎዳበት ይሄ ነው። እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

የእኛ ፓስፖርት የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይዟል። ፈረንጆቹ «ላስት ኔም» ሲሉን አንዳችን የአባታችንን፣ ሌላችን የአያታችንን እናስገባለን። እኔ አሜሪካ ስገባ ወረቀቴ ላይ ላስት ኔሜ ሆኖ የተጻፈው የአያቴ ስም ነው። የሆቴል አባልነቱን የከፈትኩት ግን ከልምድ የተነሳ በአባቴ ስም ነበር። ስለዚህ ሪሴፕሽን ላይ ፓስፖርቴን ሲያዩ አንድ ሰው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ሰው። አራት ሌሊት አድሬ አንዱም አልተቆጠረልኝም። አስተናጋጇ «ይሄ አካውንት የእርስዎ አይመስልም» ስትለኝ ስሜን በሦስት ትውልድ ቆጥሬ ማስረዳት ጀመርኩ፣ ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ።

ፊደሉም እንዲሁ ነው። «ፀ»ን አንዱ ቲ እና ኤስ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ኤስ ብቻ ይላል። «ገ/» ብሎ የሚጀምር ስም በአንዱ ወረቀት ሙሉ፣ በሌላው በአጭር ይገኛል። ለእኛ ያው ስም ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ሰው።

መፍትሔው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ፓስፖርቱን ከፊት ለፊት አስቀምጡ። ከታች ያሉትን ሁለት ረድፍ ፊደላት አይታችሁ አካውንታችሁ ላይ ያለው ስም ከዚያ ጋር አንድ መሆኑን ፊደል በፊደል አረጋግጡ። የማይገጥም ከሆነ ለፕሮግራሙ ደንበኞች አገልግሎት ጻፉና እንዲያስተካክሉ ጠይቁ። መታወቂያ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። ይህን ከጉዞው አንድ ወር በፊት ጨርሱት። ሪሴፕሽን ቆማችሁ የሚስተካከል አይደለም።

ባልና ሚስት ከሆናችሁ ደግሞ ሌላ አለ። የእኛ ሴቶች የባላቸውን ስም አይወስዱም። ስለዚህ ክፍሉን በአንዳችሁ ስም ብቻ ከያዛችሁ፣ ሌላኛው ሰው በሆቴሉ ዓይን ያልተመዘገበ እንግዳ ነው። ቁርሱ የሚሰጠው ለተመዘገበ ሰው ነው። ስትይዙ «ሁለት ሰው» ብላችሁ የሁለቱንም ስም አስጽፉ። ክፍሉን ለአንድ ሰው ይዛችሁ ሁለት ሆናችሁ ከመጣችሁ የሁለተኛው ቁርስ ቢል ላይ ይገባል።

4. ከሆቴሉ በቀጥታ ያዙ፣ ራሳችሁም እደሩ

በሆቴሉ ዌብሳይት፣ አፕ ወይም ስልክ። የሌሎች ቡኪንግ ድረ-ገጾች አንዳንዴ በጥቂት ዶላር ይረክሳሉ፣ ግን በእነሱ በኩል ስትይዙ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊቱም አይቆጠርም፣ ቁርሱም የለም።

የእኔ ጥፋት ደግሞ እዚህ ነበር። ጥቅሙ የከፋዩ ሳይሆን እዚያ የሚያድረው አባል ነው። እኔ ሜሪላንድ ተቀምጬ በእኔ ቁጥር ለእናቴ ቁርስ ማብላት አልችልም። ለወላጅ ክፍል የምትይዙ ከሆነ ቁርስ ያካተተውን ዋጋ ግዙና ማረጋገጫው ላይ «ቁርስ ለሁለት ሰው» የሚል መጻፉን እዩ። ሃያት ላይ «ጌስት ኦፍ ኦነር» የሚባል ሽልማት አለ። ብዙ ሌሊት ያደረ አባል ጥቅሙን ለሌላ ሰው ቆይታ መስጠት የሚችልበት ነው። ያላችሁ ሰዎች ለወላጆቻችሁ አውሉት፣ ከዚህ የተሻለ አጠቃቀም አላውቅም።

5. ሪሴፕሽን ላይ ሦስት ነገር ጠይቁ

ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት፦ ቁርሱ ለስንት ሰው ነው? በየትኛው ሬስቶራንት? ሙሉ ቡፌው ነው ወይስ ኮንቲኔንታል? የመጨረሻው ጥያቄ ቁም ነገር ነው። ኮንቲኔንታል ማለት በደንቡ ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ እርጎና ትኩስ መጠጥ ነው። እንቁላልና ጨጨብሳ ያነሳችሁ እንደሆነ ልዩነቱን ሊያስከፍሏችሁ ይችላሉ። ብዙ ሆቴል በቸርነት ሙሉውን ይሰጣል፣ ግን ጠይቃችሁ ስሙት። የመለሰላችሁን ሰው ስምም ያዙ።

6. ሳህን ሳታነሱ አንድ ዙር ዙሩ

ቁርሱ በአብዛኛው ከጠዋቱ 12:30 እስከ 4:30 ነው። ጎበዝ ሰው 1:30 ላይ ይወርዳል። ያኔ ምግቡ ትኩስ ነው፣ የስብሰባው ሰውም ገና አልጎረፈም።

የቡፌን ጥራት የማየው በጨጨብሳው ነው። ክዳኑን ከፈት አድርጉ። ቂጣው እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው የሚያብረቀርቅ ከሆነ አሁን ወጥቷል ማለት ነው። ቅቤውን ጠጥቶ ከተያያዘና ጫፉ ከጠጠረ ቆይቷል። አትውሰዱት። ወጥ ቤቱን «ትኩስ ይመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ደስ ብሏቸው ያመጣሉ። እንቁላልም ከተደረደረው አታንሱ። ቆሞ የሚጠብስ ሰው ካለ ቃሪያውን አብዝቶ ፍርፍር እንዲሠራላችሁ ንገሩት። ማርና እርጎ የአገር ውስጥ ከሆነ ከውጭ ከመጣው ኮርንፍሌክስ አሥር እጅ ይሻላል። ቡናውን ደግሞ ከፔርሙስ አትቅዱ። አስተናጋጁን ማኪያቶ ብትጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ ከማሽን ያመጣላችኋል፣ ወይም ጥግ ላይ ጀበና ተጥዶ ታገኛላችሁ።

7. ጾም ላይ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ አስቡበት

ረቡዕና ዓርብ ወይም ሁዳዴ ላይ ለሚጾም ሰው የሆቴል ቁርስ ጥቅሙ ሊጠፋ ይችላል። እስከ ስድስት ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ ቡፌው ሲዘጋ እናንተ ገና እህል አልቀመሳችሁም። ለዚህ ነው ሸራተን ላይ ምርጫ ሲሰጣችሁ ፖይንቱን ውሰዱ የምለው። ሌላ ቦታ ከሆነ ማታውኑ ሪሴፕሽን ሄዳችሁ በቁርሱ ፈንታ ምሳ ላይ የጾም ምግብ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። መብት አይደለም፣ ስለዚህ በትሕትና ነው የሚጠየቀው። አንዳንዱ ሥራ አስኪያጅ «ችግር የለም» ይላል፣ አንዳንዱ አይቻልም ይላል። ጠዋት የምትበሉ ጿሚዎች ደግሞ የጾሙ ክፍል በዘይት መሠራቱን ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

8. ቢሉን ከመውጣታችሁ በፊት ማታ እዩት

ጠዋት ታክሲ በር ላይ ቆሞ፣ ሻንጣ ተጭኖ ሰው ሂሳብ አይመረምርም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ውረዱና «እስካሁን ያለውን ቢል ያትሙልኝ» በሉ። ቁርስ ከተጻፈ ያኔውኑ አስነሱት። ስትወጡ የመጨረሻውን ደረሰኝ ያዙ። ሌሊቱ በሳምንት ውስጥ አካውንታችሁ ላይ ካልገባ ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ላኩ።

ባለፈው ጉዞዬ እናቴን ይዤ ራሴ አብሬያት አደርኩ። ስሟን በፓስፖርቷ መሠረት አስጻፍኩ፣ ሦስቱን ጥያቄ ጠየቅኩ። በመጨረሻው ማታ ቢሉን አስወጥቼ ፊት ለፊቷ አነበብኩላት። ከክፍሉ ሌላ የተጻፈው አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ ብቻ ነበር። «እሱን እኔ ልክፈል» ብላ እጇን ወደ መቀነቷ ሰደደች።