የበጋ ፀሐይ ሲያሞኘን፦ በብርዱ ወራት ጓሯችን ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ችግሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው። የፈረንጆቹን የአትክልት ቪዲዮ ስታዩ «ዊንተር» የተባለው ሁሉ «ክረምት» እየተባለ ይተረጎማል። የኛ ክረምት ግን ዝናብ ነው። ብርዱ የሚመጣው በበጋ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት። ምክሩን እንዳለ የወሰደ ሰው በሐምሌ ጓሮውን ሸፋፍኖ፣ በህዳር ተዘናግቶ ይገኛል።

እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ዳር ላይ፣ ረባዳ ሰፈር ውስጥ ነው። ጓሮዬ አራት መደብ ብቻ ናት፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቲማቲም፣ በሶብላ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

የቀኑን ሙቀት አይቶ ሌሊቱን መርሳት

በህዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ከ20 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። በሸሚዝ ትወጣላችሁ። ሌሊቱ ግን ከ10 በታች ይወርዳል። ደመና ስለሌለ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቀዋል፤ የሚያስቀርለት የለም። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ነው። ነፋስ ከሌለ እንደ ውኃ ወደ ረባዳው ወርዶ እዚያው ይተኛል። አንድ ሰፈር ውስጥ ዳገት ላይ ያለው ጓሮ ተርፎ ታች ያለው በውርጭ የሚመታው ለዚህ ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ ያደገ ሰው ይህን አስተምሩኝ አይልም።

ስልካችሁ 4 ዲግሪ ቢላችሁ አትጽናኑ። የአየር ሙቀት የሚለካው ከመሬት ሁለት ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። በዚያው ሰዓት መሬት አጠገብ ያለ ቅጠል በረዶ ሊለብስ ይችላል። እኔ ከስልኩ ይልቅ ማታ ወጥቼ ሰማዩን አያለሁ። ኮከቡ ከፈሰሰ፣ ቅጠልም ካልተንቀሳቀሰ ያን ሌሊት እፈራለሁ።

ሁሉንም ተክል መሸፈን አያስፈልግም። ጎመን፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርት ብርዱን ይችሉታል። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንች፣ በሶብላና ፓፓያ ግን በአንድ ሌሊት ይጠቁራሉ።

ላስቲክ ጣል አድርጎ መተኛት

አንድ ታኅሣሥ ከራት በኋላ ትዝ ብሎኝ ቲማቲሙ ላይ ላስቲክ ጣል አድርጌ ገባሁ። ጠዋት ሳየው ላስቲኩ የነካው ቅጠል በሙሉ የተቀቀለ ይመስላል። ላስቲክ ብርዱን ወደነካው ቅጠል ያስተላልፋል። ጎረቤቴ እማማ በአጥሩ በላይ አዩኝና «ውይ ልጄ፣ ጆንያ አጥተህ ነው?» አሉኝ። ጆንያ ነበረኝ፤ ያውም ሦስት።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ከተክሉ ከፍ የሚሉ ሦስት አራት እንጨቶች ትከሉ። ጆንያ ወይም አሮጌ አንሶላ ቅጠሉን ሳይነካ ከላይ ዘርጉበት። ጫፉ መሬት ድረስ ይውረድ፤ ተክሉን የሚያሞቀው ከአፈሩ የሚወጣው ሙቀት ነውና። አናቱን ብቻ እንደ ሻሽ ማሰር አይሠራም። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ አልብሱት። ጠዋት 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ አንሱለት። ረስታችሁት ከዋላችሁ ደግሞ ታፍኖ ይጎዳል።

ውኃ በመጣበት ሰዓት ማጠጣት

ውኃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰው ይህ ስህተት አይፈረድበትም። እኩለ ሌሊት ቧንቧው ሲንሿሿ ተነስቶ ጎማውን ቅጠሉ ላይ መርጨት ነው። ሌሊቱን ረጥቦ ያደረ ቅጠል ግን የሻጋታ መናኸሪያ ይሆናል። የሌሊቱን ውኃ በርሜል ውስጥ አጠራቅሙና ጠዋት ሥሩ ላይ አፍስሱ።

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማርከፍከፍም ሥሩን ወደ ላይ ያስቀረዋል። ሥር የሰደደ ተክል በሳምንት ሁለት ጊዜ በደንብ ቢጠጣ ይሻለዋል። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ እርጥበት ካገኛችሁ ተዉት። ውርጭ በሚያሰጋበት ሰሞን ግን አፈሩ እንዳይደርቅ ጠብቁ። እርጥብ አፈር ቀን ብዙ ሙቀት ይይዝና ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል፤ ደረቁ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ጉዝጓዙን ማቃጠል

ህዳር 12፣ ህዳር ሲታጠን፣ ሰፈሩ ሁሉ ጭስ ነው። ከ1911 ዓ.ም.ው የህዳር በሽታ ጋር የሚያያዝ ልማድ ነውና ልማዱን ተዉ እያልኩ አልከራከርም። ግን ለምን ደረቁ ቅጠል? ለመጪዎቹ ሁለት ወራት አፈራችንን ከፀሐይ የሚጋርደው እሱ ነው። እኔ የጎረቤቶቼን ቅጠል በጆንያ እየለመንኩ እወስዳለሁ። «አበድክ እንዴ?» ያለኝም አለ። አራት ጣት ያህል ውፍረት ይበቃል፤ ግንዱን ነክቶ እንዳያበሰብሰው ትንሽ ፈቀቅ አድርጉት።

የተቃጠለውን ቶሎ መቁረጥ

ውርጭ የመታው ተክል ያሳዝናል፤ እጅ ወዲያው ወደ መቀስ ይሄዳል። ተዉት። የጠቆረው ቅጠል ለታችኛው እንደ ልብስ ያገለግላል። ከቆረጣችሁት ተክሉ ለጋ ቅጠል ያወጣና ቀጣዩ ውርጭ እሱንም ይበላዋል። ጥር አልቆ ብርዱ ሲሰበር የቱ እንደሞተ፣ የቱ እንደዳነ በግልጽ ይታያል።

በህዳር ዩሪያ መስጠትም ያው ነው፤ ለጋውን ጠርቶ ለብርዱ ማቅረብ። ያልበሰለ ፍግማ በየትኛውም ወር ሥር ያቃጥላል።

ብርዱ ተባይ ይገድላል ብሎ ማሰብ

ክሽክሽ የሚባለው፣ ቅጠል ላይ ተጣብቆ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ በበጋ ይብሳል። የሚያጥበው ዝናብ የለማ! የጎመኑን ቅጠል በሳምንት አንዴ ገልብጣችሁ እዩ። ጥቂት ከሆነ በጣት ጨፍልቁት፤ ከበዛ ለዘብ ባለ የሳሙና ውኃ ከሥር በኩል እጠቡት።

ቲማቲም በህዳር መዝራት

ዘሩ ሳይበቅል ሳምንታት ይቆያል፤ ሰውም «ዘሩ የተበላሸ ነው» ብሎ ሻጩን ይሰድባል። ጥፋቱ የቅዝቃዜው ነው። በህዳር ካሮት፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ነጭ ሽንኩርት አስገቡ። የቲማቲሙን ዘር በጥር መጨረሻ በአሮጌ ጣሳ ዘርታችሁ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አስቀምጡ። ችግኙ ውጭ የሚወጣው የካቲት ሲገባደድ ነው፤ ከተቻለ የከሰዓት ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር። የኔ ሦስት ጣሳ አሁን ወጥ ቤት መስኮት ላይ ናቸው፤ አንዱ ብቻ ነው እስካሁን ብቅ ያለው።