ሳይድ ድራም እንዴት ይመታል? ከማርሽ ባንድ እስከ ኦርኬስትራ

ማርሽ ባንድ ገና ከሩቅ ሲመጣ መጀመሪያ ጆሯችን የሚገባው ያ ጠጠር በቆርቆሮ ላይ የሚዘራ የሚመስለው ድምፅ የሳይድ ድራም ነው፣ ስኔርም ይሉታል ያው አንድ ነው። ብዙ ጀማሪ ጉልበት የሚፈልግ ነገር ይመስለዋል፣ እኔም ማርሽ ባንድ የገባሁ ሰሞን ስቲኩን (መምቻ ዱላውን) አንቄ ይዤ ስቀጠቅጥ በሁለት ሳምንት መዳፌ ውሃ ቋጠረ። ዋናው ነገር ግን ስቲኩ ራሱ እንዲነጥር መልቀቅ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ መሳሪያውን እወቁት። ላይና ታች ሁለት ቆዳ አለው (ዛሬ ፕላስቲክ ነው ግን ቆዳ ነው የምንለው)፣ የታችኛው በጣም ስስ ነው፣ እሱን ተጠግቶ ደሞ የሽቦ ረድፍ ተወጥሯል። ላዩን ስትመቱ ውስጥ ያለው አየር የታችኛውን ይገፋዋል፣ ሽቦው ይንጫጫል፣ ያ ጭርርር የሚለው ድምፅ ከሱ ነው። ጎኑ ላይ ያለችውን፣ ሽቦውን ከቆዳው የምታላቅቀውን ማጥፊያ አውርዱና አንዴ ምቱት፣ ተራ ከበሮ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አያያዝ ላይ እንምጣ። ሳይድ (ጎን ማለት ነው) የተባለው ድሮ ወታደሮች በማንገቻ ትከሻቸው ላይ አንግተው ጎናቸው ላይ ስለሚያንጠለጥሉት ነው፣ ጭናቸው ላይ አጋድሎ ስለሚቀመጥ ግራ እጅ መዳፉን ወደላይ አድርጎ ለመምታት ተገደደ፣ ያ አያያዝ እስካሁን አለ፣ ያምራልም። ለጀማሪ ግን ሁለቱም እጅ አንድ አይነት ቢይዝ ይሻላል፦ ከስቲኩ ጀርባ ሲሶ ያህል ትታችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙት፣ የቀሩት ጣቶች ዝም ብለው ይደገፉት፣ አትጭመቁ።

አሁን አንድ ምት ጣሉና ስቲኩን ተዉት፣ ታ-ታ-ታ-ታታታ እያለ እየነጠረ ይሞታል። ከዛ ሁለተኛው ታ ላይ ያዙት። በቀኝ ሁለት በግራ ሁለት፣ ቀኝ ቀኝ ግራ ግራ፣ ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሳሪያ) በደቂቃ 60 ላይ አድርጋችሁ ሁለቱ ምቶች እኩል ድምፅ እስኪያወጡ ድረስ ቆዩበት፣ ሁለተኛው ሁሌ ይደክማል እሱን ነው ማዳመጥ ያለባችሁ። ሲፈጥን ሮል የሚባለው ይሆናል። ቀጥሎ ፓራዲድል፦ ቀኝ ግራ ቀኝ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ግራ ግራ። እንደዚ አይነት መሰረታዊ ምቶችን ፐርከሲቭ አርትስ ሶሳይቲ የሚባለው የከበሮ ተጫዋቾች ማህበር በ1984 እ.ኤ.አ. 40 አድርጎ ዘርዝሯቸዋል፣ ለመጀመሪያው አመት አስሩን አጥርታችሁ ብትይዙ ይበቃል። ድራም ከሌላችሁ ወፈር ያለ ላስቲክ ጣውላ ላይ ለጥፋችሁ ተለማመዱ፣ ጎረቤትም አይማረርም።

ማርሽ ላይ ስራችሁ እግር መያዝ ነው። የወታደር ማርሽ በደቂቃ ወደ 120 እርምጃ ነው፣ አንድ ስትሉ ግራ እግር መሬት መንካት አለበት፣ ስለዚ መጀመሪያ ባላችሁበት ቆማችሁ እየረገጣችሁ ምቱ፣ ከዛ ነው መሄድ። ዜማው ሲያልቅ ትራምፔቱ ያርፋል፣ ድራሙ ግን አያርፍም፣ ሰልፉ ሁሉ በሱ ነው የሚራመደው። ቀጣዩ ዜማ መጀመሩንም የምትናገሩት እናንተ ናችሁ፣ በሮል። እኛም ሀገር ይሄ ባህል ቆየት ያለ ነው፣ በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች ባንድ እኮ በሀገራችን ሙዚቃ ላይ ትልቅ አሻራ ነው የተወው።

ኦርኬስትራ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፣ ብዙውን ሰአት ዝም ብላችሁ ትቆጥራላችሁ። አንዴ ልምምድ ላይ ማጥፊያውን ሳላወርድ ቁጭ ብዬ ፍሉቱ ብቻውን ቀስ ብሎ ሲጫወት፣ እኔ ሳልነካው የኔ ሽቦ ከስር ይንጫጫል፣ አዳራሹ ሁሉ ሰማው። የሌላ መሳሪያ ድምፅ ያስነሳዋል፣ ስለዚ ተራችሁ ካልሆነ ማጥፊያውን አውርዱ፣ ስትመልሱትም ቀጭ እንዳይል በእጃችሁ ደግፋችሁ ቀስ አድርጉ።

ቀስ ብሎ መምታትን ለመልመድ ከፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ራቬል የኦርኬስትራ ስራ ከቦሌሮ (1928 እ.ኤ.አ.) የተሻለ ነገር አላውቅም። ምቱ ይሄ ነው፦ ታ ታታታ ታ ታታታ ታ ታ፣ ታ ታታታ ታ ታታታ ታታታ ታታታ። 24 ምት ነው፣ ድራመሩ ይቺኑ ብቻ 169 ጊዜ ይደጋግማታል፣ ሩብ ሰአት ያህል፣ ሳይፈጥን፣ ከማይሰማ ድምፅ ተነስቶ አዳራሹን እስኪያናውጥ። ስትጀምሩ ቆዳው ጠርዝ ጋ ምቱ፣ ስቲኩን ከሁለት ጣት ስፋት በላይ አታንሱ፣ ድምፁ እያደገ ሲሄድ ወደ መሀል ተጠጉ። መጀመሪያ ሶስት ደቂቃ ሞክሩ። እጃችሁ ከተወጠረ ወይ ፍጥነቱ ከጨመረ አቁሙና አያያዛችሁን እዩት፣ አብዛኛውን ጊዜ ትንሿ ጣት ሳይታወቃችሁ ስቲኩን ጨብጣው ነው የምታገኙት።