አንጋፋ የሮክ ባንድ በመድረክ ላይ ምን ይልበስ? እንዴትስ ይታይ?

ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በፊት የተመሠረተ የሮክ ባንድ ዛሬ ኮንሰርት ሲያቀርብ፣ ተመልካቹ ከአልበም ሽፋንና ከፖስተር የሚያውቀውን የወጣትነት መልክ በልቡ ይዞ ይመጣል፤ በዐይኑ የሚያየው ግን ሰባ ዓመት ያለፈውን ሙዚቀኛ ነው። የመድረክ ልብስ ዋና ሥራ እነዚህን ሁለት መልኮች ማስታረቅ ነው። ይህም የሚሆነው የድሮውን ልብስ እንዳለ አውጥቶ በመልበስ ሳይሆን፣ ሰው ባንዱን ከሩቅ የሚለይበትን አንድ ቅርጽ ከድሮው መልክ ነጥሎ በማውጣትና ያንኑ በዛሬው ሰውነት ልክ በማሰፋት ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ቅርጹን ከመፈለግ ነው። የባንዱን የቆዩ ፎቶዎች ሰብስቡ፤ ፊት ለይታችሁ ማየት እስኪያቅታችሁ ድረስ ራቅ ብላችሁ ተመልከቷቸው፤ ከዚያም እያንዳንዱን ሙዚቀኛ በምን እንደለያችሁት ጻፉ። ኮፍያ፣ የፀጉር አቆራረጥ፣ የኮት ርዝመት ወይም ጊታሩ የሚንጠለጠልበት ከፍታ ሊሆን ይችላል። ቀለም ብቻውን መለያ አይሆንም፤ መብራቱ በየዘፈኑ ይለውጠዋልና።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ በ1973 በሲድኒ የተመሠረተው ኤሲ/ዲሲ የተባለው ባንድ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጊታሪስቱ አንገስ ያንግ በእህቱ በማርጋሬት ሐሳብ የተማሪ ዩኒፎርም ለብሶ መድረክ ላይ መውጣት ጀመረ፤ በ2024 በአውሮፓ በተደረገው የኮንሰርት ጉዞም በ69 ዓመቱ ቁምጣውን፣ ኮቱንና ከረባቱን እንደለበሰ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የእሱ ልብስ ብቻ አይደለም። የቀሩት የባንዱ አባላት ጂንስና ቲሸርት፣ አብዛኛውን ጊዜም ጥቁር በጥቁር ለብሰው ስለሚቆሙ የተመልካቹ ዐይን ያለ ምንም ሽሚያ ወደ አንድ ሰው ይሄዳል። አምስቱም ለመታየት ቢለብሱ ኖሮ ቁምጣው ይህን ያህል ኃይል ባልኖረው ነበር። በባንዳችሁ ውስጥ ምልክቱን የሚሸከመው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ሌሎቻችሁ ጸጥ ያለ ልብስ ልበሱ።

ቅርጽ ከሰውም በላይ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። ዚዚ ቶፕ የተባለው የአሜሪካ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ደስቲ ሂል በሐምሌ 2021 ካረፈ በኋላ ቦታውን የያዘው ለረጅም ዓመታት የባንዱን ጊታሮች ሲያዘጋጅ የኖረው ኤልውድ ፍራንሲስ ነው። እሱም እንደ ሂል ረጅም ጢም ይዞ፣ ጢሙን ካስረዘመው ከጊታሪስቱ ከቢሊ ጊበንስ ጎን ሲቆም፣ ከኋላ ወንበር ለሚያየው ሰው የባንዱ ገጽታ ሳይፈርስ ቀጠለ።

መለያ ምልክት ያልነበረው ባንድ በስተርጅና አዲስ ጭንብል ወይም ሜካፕ ባይፈልግ ይሻላል። ኪስ (KISS) የተባለው የአሜሪካ ባንድ አባላት በ1973 የጀመሩትን የፊት ቀለም በ1983 ቢያነሱትም፣ በ1996 ሲመልሱት ሕዝቡ የተቀበላቸው ከመጀመሪያው የራሳቸው ስለነበረ ነው፤ እስከ መጨረሻው የታኅሣሥ 2 ቀን 2023 የኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ ኮንሰርትም አብሯቸው ኖሯል። ምልክት ለሌለው ባንድ እኔ በአርአያነት የማቀርበው የሮሊንግ ስቶንስ ባንድ ድራመር የነበረውን ቻርሊ ዋትስን ነው። በ2021 በ80 ዓመቱ እስካረፈ ድረስ የሚታወቀው በልኩ በተሰፋ ሙሉ ልብስ ነበር፤ ሽበቱና ልብሱ ተስማምተው፣ ዕድሜው ራሱ የግርማ ምንጭ ሆኖለታል። በልክ የተሰፋ ልብስ ዕድሜን አይደብቅም፤ ያከብረዋል።

ወደ ስፌቱ ስንመጣ ጊዜና ገንዘብ ሊጠፋበት የሚገባው ቦታ እዚህ ነው። ልብስ ሰፊው ጊታሪስቱን ሲለካ ጊታሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ድራመሩን ሲለካ ደግሞ ተቀምጦና ክንዱን ዘርግቶ መሆን አለበት። ኮት ለእንቅስቃሴ እንዲመች ብብቱ ሰፊ ይሁን የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። የእጅጌው መግቢያ ዝቅና ሰፋ ሲል ክንድ በተነሣ ቁጥር ኮቱ በሙሉ አብሮ ይነሣል፤ ከፍ ብሎ ለብብት ሲጠጋ ግን ክንዱ ብቻውን ይንቀሳቀሳል። የጊታር ማንገቻ ትከሻን ስለሚያጨማድድ ወፍራም የትከሻ ሙሌት ይውጣ። የሱሪው ወገብ ከኋላ ከፍ ብሎ ካልተሰፋ ተቀምጦ የሚጫወተው ድራመር ሸሚዙ ይወጣበታል። ትልቅ ዘለበት ያለው ቀበቶ የጊታሩን ጀርባ ይፍቃልና ያለ ቀበቶ ከወገቡ ጎን በማጥበቂያ የሚጠብ ሱሪ ይመረጣል። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ማዳመጫ ድምፅ የሚቀበለው ትንሽ መሣሪያ በወገብ ላይ ስለሚሰካ፣ ከኮቱ ሥር ከኋላ ጠንካራ ኪስ ይሰፋለት፤ ይህ ኪስ በሌለበት ስስ ሱሪ ወደታች ሲጎተት በብዙ ኮንሰርት ላይ ይታያል።

ሙቀት የአንጋፋ ሙዚቀኛ ትልቅ ጠላት ነው። ፖሊስተር ላብን ያፍናል፤ ስስ የሱፍ ጨርቅና ጥጥ ያስተነፍሳሉ። ኮቱ ሙሉ ገበር ከሚኖረው ይልቅ ጀርባው ላይ ገበር ባይኖረው መልካም ነው። ደርቦ መልበስም ይረዳል። የሮሊንግ ስቶንሱ ዘፋኝ ሚክ ጃገር በ2024 በሰሜን አሜሪካ ጉዞ 80 ዓመቱ ላይ ሆኖ ሳለ ጃኬት ለብሶ ይወጣና እየሞቀው ሲሄድ ያወልቀዋል፤ በኋላም ሌላ ይደርባል። ሰውነቱ ይቀዘቅዝለታል፤ ተመልካቹም የመድረኩ ዕቃ ሳይነካ አዲስ ነገር ያያል።

ማንኛውም ጨርቅ ከመገዛቱ በፊት በመድረክ መብራት ሥር መታየት አለበት። በቀይ መብራት አረንጓዴ ጨርቅ ጥቁር ይመስላል፤ ቀይ ጨርቅ ደግሞ ከነጭ ጋር ይመሳሰላል። ጥቁር ልብስ በጥቁር መጋረጃ ፊት ሲቆም ሰውየው ይጠፋና ፊቱ ብቻ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ የመብራት ባለሙያው ከኋላ ብርሃን እንዲሰጥ ጠይቁ፣ ወይም ብርሃን የሚውጠውን ቬልቬት ብርሃን ከሚመልሰው ቆዳ ጋር አቀናጁ። ነጭ ጥጥ የበራበትን ቀለም ሁሉ ስለሚቀበል ለዐይን ውብ ነው፤ ለካሜራ ግን አስቸጋሪ ነው። ይህን በአገር ልብስ የሚጫወቱ የእኛ አንጋፋ ሙዚቀኞች በደንብ ሊያስቡበት ይገባል፤ ንጹሕ ነጭ ሸማ በኃይለኛ የፊት መብራት ሥር በስክሪን ሲታይ ጥለቱም ሽመናው ሳይቀር ይጠፋል። ከላይ ጠቆር ያለ ካባ ወይም ኮት መደረብ፣ አለበለዚያም የፊት መብራቱን መቀነስ ይጠቅማል። ቀጫጭንና የተቀራረበ መስመር ያለው ሸሚዝ በካሜራ ስለሚርገበገብ ይቅር። ግራጫና ውሃ ሰማያዊ ቲሸርትም ላብን ከሁሉ በላይ ያሳያል።

ከባንዱ ጀርባ ያለው ምስል ከልብሱ ጋር አንድ ሐሳብ ይናገር። የድሮ ፊልም ማሳየት የተለመደ ቢሆንም፣ የሃያ ዓመት ወጣት ግዙፍ ፊት ከዛሬው ዘፋኝ ራስ በላይ ሲታይ ንጽጽሩ ዘፋኙን ይጎዳል፤ ስለዚህ የድሮው ምስል ሙዚቀኞቹ ከመውጣታቸው በፊት ወይም መድረኩ ሲጨልም ይታይ። የካናዳው ባንድ ረሽ በ2015 ባደረገው የአርባኛ ዓመት ጉዞ ይህን ፈተና በሚያስደንቅ መንገድ አልፎታል፤ ዘፈኖቹ ከአዲስ ወደ አሮጌ ሲሄዱ የመድረኩ ዕቃም አብሮ እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ ባንዱ የጀመረበትን ዓይነት የትምህርት ቤት አዳራሽ መሰለ። ሙዚቀኞቹ ወጣት ለመምሰል አልሞከሩም፤ ዘመኑን ወደ ኋላ የመለሰው መድረኩ ነው።

ደኅንነትን በተመለከተ፣ እሳት ያለበት ትርኢት ከናይሎን፣ ከተንዘረፈፈ እጅጌና ከፀጉር ስፕሬይ ጋር አይገናኝ። የኪስ ባንዱ ጂን ሲሞንስ ታኅሣሥ 31 ቀን 1973 በኒው ዮርክ እሳት ሲተፋ ፀጉሩ ተቀጣጥሎ ነበር። የጫማው ሶል የማያንሸራትት፣ ጊታሪስቱ የሚረግጠውን የድምፅ መቀየሪያ (ፔዳል) በእግር ለመለየት የሚያስችል ስስ ይሁን። ጥቁር መነጽር የሚያደርግ ሰው ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ያውልቀው፤ የመድረኩ ጠርዝም ላይ ነጭ ቴፕ ይለጠፍ።

በጉዞ ላይ ለእያንዳንዱ ዋና ልብስ ሁለተኛ ቅጂ ያስፈልጋል። በላብ የራሰ ልብስ ታጥፎ ሻንጣ አይገባም፤ ሌሊቱን ተሰቅሎ ይድረቅ። ሊታጠብ የማይችለውን ኮት የቴአትር ልብስ ጠባቂዎች በውስጥ በኩል ርካሽ ቮድካ በውሃ አቅጥነው ይረጩበታል፤ አልኮሉ ሲተን ሽታውም ይቀንሳል። መርፌ፣ ክር፣ መርፌ ቁልፍና ትርፍ የጫማ ማሰሪያ ከመድረክ ጀርባ አይጥፉ።

ከኮንሰርቱ ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ሙሉውን ዝግጅት በሙሉ ልብስና በሙሉ መብራት ተለማመዱ። አንድ የምታምኑት ሰው ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጦ ይቅረጽ፤ በዚያ ቪዲዮ ላይ ኮቱ የተሰቀለበትን፣ ሸሚዙ የወጣበትንና ከመጋረጃው ጋር የተዋሐደውን ሰው ለይታችሁ ለልብስ ሰፊውና ለመብራት ባለሙያው በዚያው ቀን ንገሯቸው።