የበረራ ሲሙሌተር ስትመርጡ ከቦሌ ተነስታችሁ ፈትኑት

የምንኖረው ከአያት ወጣ ብሎ፣ ከተማዋ ወደ ለገጣፎ በምታልቅበት በኩል ነው። ከምሥራቅ መጥተው ቦሌ የሚያርፉ አውሮፕላኖች በሰፈራችን በኩል ዝቅ ብለው ያልፋሉ። የእህቴ ልጅ መስኮት ሳይከፍት፣ በድምፁ ብቻ ባለ ፕሮፔለሩን ከጄቱ ይለያል። አብራሪ እሆናለሁ ማለቱም የአፍ ወሬ አይደለም። ስለዚህ "ጋሼ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚበረረውን ጫንልኝ" ሲለኝ የልጅ ጨዋታ ነው ብዬ አላለፍኩትም።

የበረራ ሲሙሌተር የሚባሉት ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። በማስታወቂያ ቪዲዮ ላይ ሁሉም ያምራሉ። ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ጋ ነው። በጣም ያማረውን ይመርጥና ቤቱ ሲገባ ላፕቶፑም ኢንተርኔቱም አይችለውም። እኔ የምመክረው ከቤታችሁ እንድትጀምሩ ነው። መጀመሪያ ያላችሁን እወቁ፣ ከዚያ ፕሮግራሙን ፈልጉ።

1. ለምን መብረር እንደፈለጋችሁ ወስኑ

አገር ማየት ነው? ላሊበላን፣ ጣናን፣ የሰሜን ተራሮችን ከላይ መቃኘት? ወይስ አውሮፕላን እንዴት እንደሚነዳ መማር? ወይስ የጦር አውሮፕላን ነው የሚማርካችሁ? ሦስቱም ወደተለያየ ፕሮግራም ይወስዷችኋል። መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጻፉት።

2. ኮምፒውተሩን መርምሩ

ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። በሚከፈተው መስኮት ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን ምረጡ። ሦስት ነገር መዝግቡ፦ ራሙ (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ሜሞሪ) ስንት ጊጋባይት እንደሆነ፣ ግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን የሚሥለው ክፍል) የራሱ ሜሞሪ እንዳለው፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዓይነት) መሆን አለመሆኑን። ዲስኩ ላይ ስንት ጊጋባይት ባዶ ቦታ እንደቀረም እዩ።

እኛ አካባቢ በብዛት የሚሸጡት ያገለገሉ የቢሮ ላፕቶፖች የራሱ ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ የላቸውም። ሻጩ "ኮር አይ ሰቨን ነው" ቢላችሁ እሱ ስለ ፕሮሰሰሩ ነው የሚያወራው። ለበረራ ሲሙሌተር ግራፊክስ ካርዱም እኩል ይወስናል።

3. ኢንተርኔታችሁን አስሉ

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ግን ለእኛ ከሁሉም በላይ የሚወስነው ይህ ነው። 100 ጊጋባይት የሚመዝን ፕሮግራም በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚሰጥ መስመር ለማውረድ ሳይቋረጥ ወደ 44 ሰዓት ይፈልጋል። ያውም መስመሩ የተባለውን ፍጥነት በትክክል ከሰጠ ነው። በመሀል መብራት ከሄደ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። በሞባይል ፓኬጅ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ዋጋውን በካልኩሌተር አስሉት።

ፕሮግራሞቹ ኢንተርኔት የሚፈልጉበት መንገድ አንድ አይደለም። አንዳንዱ አንዴ ይወርድና ከዚያ በኋላ ብቻውን ይሠራል። አንዳንዱ በበረራችሁ ሁሉ መሬቱን ከኢንተርኔት እየጎተተ ነው የሚያሳያችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቁ።

4. አሁን ፕሮግራሞቹን አነጻጽሩ

ፍላይትጊር። ለብዙዎቻችሁ መነሻ መሆን ያለበት ይህ ነው ባይ ነኝ። ነፃ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረና እስካሁን በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ስትጭኑት ሴስና 172 የተባለች ባለ አንድ ፕሮፔለር ትንሽ አውሮፕላን አብራው ትመጣለች። የምትበሩበትን አካባቢ መሬት ብቻ ነው የሚያወርደው፤ ያወረደውንም ያስቀምጠዋል። ስለዚህ አንዴ አዲስ አበባን ካወረዳችሁ በሚቀጥለው ቀን ያለ ኢንተርኔት ትበራላችሁ። መልኩ ደረቅ ያለ ነው፤ ሰፈራችሁን አታውቁትም። የአውሮፕላኖቹም ጥራት ይለያያል፣ አንዱ የተዋጣለት ሌላው በጅምር የቀረ ነው። ከራሱ ከፍላይትጊር ድረገጽ ብቻ አውርዱት። ይህንኑ ነፃ ፕሮግራም ሌላ ስም ለጥፈው በገንዘብ የሸጡ ሰዎች አሉ።

ኤክስ-ፕሌን 12። በ2022 ሙሉ ሆኖ የወጣ ነው። የሚሠራው ላሚናር ሪሰርች የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን መሥራቹ አውስቲን ሜየር ነው። የዚህ ፕሮግራም ጥንካሬ ስሌቱ ላይ ነው። ክንፉንና ፕሮፔለሩን በትንንሽ ቁራጭ ይከፋፍላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አየሩ የሚያሳርፈውን ኃይል በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ያሰላል። አነዳድ ለመማር ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም እና የራሱ ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ለኢንተርኔት ችግራችን ደግሞ መልካም መላ አለው። ስትጭኑት የዓለም ካርታ ያመጣላችኋል፣ የምትፈልጉትን ክፍል ብቻ መርጣችሁ ታወርዳላችሁ። ምሥራቅ አፍሪካን ብቻ ምረጡ። ሌላውን በኋላ መጨመር ይቻላል። ነፃ የሙከራ ቅጂም ስላለው ሳትከፍሉ ላፕቶፓችሁ እንደሚችለው ታዩበታላችሁ።

ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር። እዚህ ጋ ሁለቱን አትቀላቅሉ። አንዱ በነሐሴ 2020 በፈረንጆቹ የወጣው ነው፣ ሌላው በኅዳር 2024 የወጣው። ሁለቱንም የሠራው አሶቦ የተባለ የፈረንሳይ ስቱዲዮ ነው። ለዓይን እነዚህን የሚያክል የለም። መሬቱ ቢንግ ከተባለው የማይክሮሶፍት ካርታ የሳተላይት ፎቶ የተሠራ ነው፣ የእንጦጦን ባሕር ዛፍና የቦሌን ሕንፃ ታያላችሁ። አዲስ የተሠራ ኮንዶሚኒየም ግን ላይታይ ይችላል፤ ፎቶው የተነሳበት ጊዜ ነው የሚወስነው። የ2020ው ሲወጣ 150 ጊጋባይት ባዶ ቦታና ቢያንስ በሴኮንድ 5 ሜጋቢት ይጠይቅ ነበር። የቢንግ መረጃውን ማጥፋት ይቻላል፤ ያኔ ይበራል፣ ውበቱ ግን ይቀንሳል። የ2024ቱ ዲስክ ላይ የሚይዘው ያንሳል፣ ወደ 50 ጊጋባይት ነው። ይህ ግን አያታላችሁ። የቀረውን እየበረራችሁ ከኢንተርኔት ይስበዋል። ቢያንስ 10 ሜጋቢትና 16 ጊጋባይት ራም ይላል፣ የሚመክረው ግን 50 ሜጋቢትና 32 ጊጋባይት ነው። ቤታችሁ አስተማማኝ የፋይበር መስመር ከሌለ የ2024ቱን አልመክርም።

የድሮው ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ። ይህም የማይክሮሶፍት ነው፤ በ2006 ወጥቶ በ2014 ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር ላይ እንደገና የቀረበ ነው። ላፕቶፑ ያረጀ ለሆነ ሰው ዛሬም ያገለግላል።

ዲሲኤስ ወርልድ። ለጦር አውሮፕላን ወዳጆች። መነሻው ነፃ ነው፣ ሱ-25ቲ የተባለ የሩሲያ የጦር ጄት እና ሙስታንግ የተባለ ባለ ፕሮፔለር የአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላን ያልታጠቀ ቅጂ ይሰጣል። ሌሎቹ አውሮፕላኖች አንድ በአንድ ይገዛሉ።

5. ከቦሌ ተነስታችሁ ፈትኑት

የጫናችሁት ፕሮግራም እውነት እንደሚናገር የሚታወቀው እዚህ ጋ ነው። ለዚህ ፈተና ደግሞ የኛ ከተማ የተመቸች ናት። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ውፍረቱ ወደ 80 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ይደክማል፣ ፕሮፔለሩ የሚጨብጠው ያንሳል፣ ክንፉም ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል።

እንዲህ አድርጉ። ሴስና 172 ምረጡ። መጀመሪያ ጅቡቲ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አስቀምጡት፣ እዚያ ከባሕር ጠለል እምብዛም አይርቅም። ነዳጁንና ጭነቱን ሳትለውጡ ተነሱ። ከመሬት እስኪላቀቅ ምን ያህል እንደተንደረደረ ልብ በሉ። ከዚያ ቦሌ ላይ አስቀምጡት፣ የቦሌ መለያ ኮድ ኤች-ኤ-ኤ-ቢ ነው። የአየሩን ሙቀት 25 ዲግሪ አድርጉት። በዚህ ሙቀት አውሮፕላኑ 3,200 ሜትር አካባቢ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚሰማው፤ የእንጦጦ ጫፍ ላይ ቆሞ እንደመነሳት ማለት ነው። መንደርደሪያው ቢያንስ ወደ ሁለት እጥፍ መርዘም አለበት። ከተነሳ በኋላም መውጣቱ ዘገም ይላል።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። ሴስናው ውስጥ ቀይ እጀታ አለ፣ አብራሪዎች ሚክስቸር ይሉታል። ወደ ሞተሩ የሚገባውን ነዳጅ ከአየሩ ጋር ያመጣጥናል። ቦሌ ላይ እጀታውን እስከ ጥግ ገፍታችሁ ከተዋችሁት ነዳጁ ለሳሳው አየር ይበዛበታል፣ ሞተሩም ኃይል ያጣል። ሙሉ ጋዝ ስጡና እጀታውን በቀስታ ወደ ኋላ ሳቡ። የሞተሩ ዙር እየጨመረ ሄዶ መልሶ መውረድ ሲጀምር ትንሽ ገፋ አድርጉት። ፕሮግራሙ ይህን ካሳያችሁ ጥሩ አስተማሪ ነው። ማይክሮሶፍት ላይ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ የእርዳታ ቅንብሩ ውስጥ ሚክስቸርን በራሱ የሚያስተካክለውን አጥፉት፣ አለበለዚያ ፈተናው ዋጋ የለውም።

የእህቴ ልጅ ይህን ባደረገ ቀን ሁለቴ አጥሩን ዘሎ ወደቀ። በሦስተኛው ቀዩን እጀታ ስቦ ተነሳ። በዚያ ምሽት ስለ ግራፊክስ ማውራት ተወ።

6. አከፋፈሉን አስቡበት

ኤክስ-ፕሌን 12 እና የ2020ው ማይክሮሶፍት ሲወጡ መነሻ ዋጋቸው 60 ዶላር አካባቢ ነበር፣ የ2024ቱ 70። ስቲም ላይ ቅናሽ በየጊዜው አለ፣ ጠብቁት። ውጭ ያለ ዘመድ በስጦታ እንዲልክላችሁ ካሰባችሁ አስቀድሞ ያጣራ፤ በሁለቱ አገሮች መካከል የዋጋ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ስቲም ስጦታውን አያሳልፍም።

ስቲም የከፈላችሁትን የሚመልሰው በ14 ቀን ውስጥ ከጠየቃችሁና ከሁለት ሰዓት በታች ከተጠቀማችሁ ነው። የ2020ው ማይክሮሶፍት ደግሞ ዋናውን ክፍል የሚያወርደው ፕሮግራሙ ከተከፈተ በኋላ ነው። ስለዚህ ገና እያወረዳችሁ ሰዓቱ ይቆጥርባችኋል። በእኛ መስመር ሁለት ሰዓት ምንም አይደለም።

በፍላሽ የተገለበጠውን ተዉት። እኛ መጀመሪያ ከአንድ ሱቅ እንዲህ ያለ ቅጂ ገዝተን ነበር። መሬቱ ከኢንተርኔት ስለሚመጣ የተሰረቀው ቅጂ ውስጥ ያገኘነው ብዥ ያለ አረንጓዴ ሜዳ ብቻ ነው። ገንዘቡም አልተመለሰም።

7. መንጃው

ጆይስቲክ ለመግዛት አትቸኩሉ። የመጀመሪያውን ወር በመዳፊት ወይም በጌም መጫወቻ እጀታ ጀምሩ። ፍላይትጊር ላይ ታብ የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ መዳፊቱ መንጃ ይሆናል። ስትገዙ እጀታው ግራ ቀኝ የሚጠመዘዘውን ምረጡ፤ የእግር ፔዳሉን ሥራ እሱ ይሸፍንላችኋል።

እኛ ቤት አሁን ያለው ፍላይትጊር ነው። ኤክስ-ፕሌንን በሙከራ ቅጂው ፈትነነው ላፕቶፑ ስላልቻለው ራም እስክንጨምርና ሌላ ማሽን እስክናገኝ አቆይተነዋል። ልጁ ማታ ማታ ከለገጣፎ በኩል ይመጣና፣ በሰፈራችን በኩል አልፎ፣ የቦሌ 25 ቁጥር ማኮብኮቢያ ላይ ለማረፍ ይሰለፋል። መብራት ሲሄድ በላፕቶፑ ባትሪ አንድ ሙሉ በረራ ይጨርሳል፣ መሬቱ ወርዶ ተቀምጧልና።