ፕራክቲከም ስትወጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየዓመቱ እጩ መምህራን ለፕራክቲከም፣ ማለትም ክፍል ገብተው ማስተማርን ለሚለማመዱበት የሥልጠና ጊዜ፣ ወደ ትምህርት ቤታችን ይመጣሉ። ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ የእቅድ ፋይላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው። እኔ ሜንተር፣ ማለትም የሚያግዛቸው ነባር መምህር፣ ሆኜ ከኋላ ዴስክ ተቀምጬ አያቸዋለሁ። ልጆቹ በጣም ይወዷቸዋል። እኔም ሲመጡ ደስ ይለኛል፤ ክፍሉ ውስጥ አዲስ ጉልበት ይገባል።

የሚሠሯቸው ስህተቶች ግን ከዓመት ዓመት ይመሳሰላሉ። አብዛኞቹ ከአንድ ነገር ይመነጫሉ። ዓይናቸው ልጁ ላይ መዋል ሲገባው እቅዱ ላይ፣ ሰዓቱ ላይ፣ ማርኩ ላይ ይውላል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቴሶ የሚባለው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ መጥቶ ፕራክቲከምን የሥልጠናው ትልቅ ክፍል ሲያደርገው፣ ሐሳቡ እጩ መምህሩ ክፍል ውስጥ ገብቶ ልጆችን እያየ እንዲማር ነበር። ይህ ዕድል ለማርክ ብቻ ሲባክን ያሳዝነኛል። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ልትመደቡ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ለሱፐርቫይዘሩ ማስተማር

ከኮሌጅ የመጣው ሱፐርቫይዘር የምልከታ ቅጹን ይዞ ሲቀመጥ ክፍሉ ወዲያው ይለወጣል። የእጩ መምህሯ ድምፅ ከፍ ይላል። ጥያቄው ሁሉ ፊት ወደተቀመጡት ጎበዝ ልጆች ይሄዳል፤ የተሳሳተ መልስ እንዳይመጣ። አንዳንዶች ደግሞ ትምህርቱን አንድ ቀን ቀድመው ያስተምሩና በምልከታው ዕለት ይደግሙታል። የ2ኛ ክፍል ልጅ ግን እንዲህ ያለውን ነገር አይደብቅም። "ቲቸር፣ ይሄን ትናንት ተምረነዋል እኮ!" ይላል፣ ሱፐርቫይዘሩ እየሰማ።

ሌላው የዚሁ ችግር መልክ የደቂቃ እስረኛ መሆን ነው። እቅዱ ላይ መግቢያ 5፣ አቀራረብ 20፣ ማጠቃለያ 10፣ ግምገማ 5 ደቂቃ ተብሎ ይጻፋል። ድምሩ 40፣ ልክ አንድ ፔሬድ። ልጆቹ ገና አቀራረቡ ላይ ግራ እንደተጋቡ፣ ደቂቃው ደርሷልና ወደ ማጠቃለያው ይታለፋል። እንዲህ አታድርጉ። ማጠቃለያው ለነገ ቢያድር ምንም አይደል። ከእቅዱ ለምን እንደወጣችሁ ለሱፐርቫይዘሩ ማስረዳት ከቻላችሁ፣ ያ ራሱ ማስተማር እንደገባችሁ ያሳያል።

የተሳሳተ መልስ ሲመጣም አትደንግጡ። "ማን ይርዳው?" ብላችሁ ቶሎ ወደ ሌላ ልጅ አትለፉ። "እንዴት አሰብከው?" በሉት። ልጁ እንዴት እንዳሰበ ካልሰማችሁ ምኑን እንደምታርሙለት አታውቁም።

"ገባችሁ?" "አዎ!"

እንደኔ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልናገረው።

1ኛ ክፍል ነው። እጩ መምህሩ በማስመሪያ የ"መ"ን ተራ እየጠቆመ ነው። "መ ሙ ሚ ማ ሜ ም ሞ!" ክፍሉ በአንድ ድምፅ ያስተጋባል። ዜማው ያምራል። እሱም ደስ ብሎት ወደሚቀጥለው ተራ ሊያልፍ ሲል፣ ፈቃዱን ጠይቄ አንዲት ልጅ ወደ ሰሌዳው አወጣሁ። "ሜ"ን ብቻዋን ጻፍኩላትና "ይህቺ ማን ናት?" አልኳት። ልጅቷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከ"መ" ጀመረች። መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ እያለች በጣቶቿ ቆጠረች። አምስተኛው ላይ ስትደርስ "ሜ!" አለች። "ሜ" በተራው ስንተኛ እንደሆነች ከገበታው አስታውሳለች። የፊደሏን ቅርጽ ግን አላወቀችውም፤ ዜማውን ነው የቆጠረችው።

እጩ መምህሩ ደነገጠ። ደግ አደረገ። አንድ ልጅ 33ቱን ፊደላት ከነ7 እርባታቸው፣ 231ዱንም በዜማ ሊወርዳቸው ይችላል። "ሎሚ" ብላችሁ ስትጽፉለት ግን ዝም ይላል። በኅብረት የሚመለስ መልስ ውስጥ ጥቂት የሚያውቁ ልጆች ይመራሉ፣ ሌሎቹ በግማሽ ሰከንድ ዘግይተው ይከተላሉ። ከፊት ሆኖ ለሚሰማ ሰው ሁሉም ያወቀ ይመስላል።

ስለዚህ ዜማውን አትከልክሉ፤ ልጆች ይወዱታል፣ ለማስታወስም ይጠቅማል። ግን እዚያ አታቁሙ። ከተራ ውጪ ጠይቁ። ካርቶን ቆርጣችሁ ፊደላቱን ጻፉና በውዙ። "ሌ፣ ሜ፣ ሴ፣ ቤ"ን ጎን ለጎን አስቀምጡና "ምን ያመሳስላቸዋል?" በሏቸው። እግራቸው ሥር ያለችውን ቀለበት ራሳቸው ያገኟታል። ያቺን ያገኘ ልጅ ቀጥሎ "ኬ"ን ወይም "ዴ"ን ሲያይ ከተራው መጀመሪያ መቁጠር አያስፈልገውም።

"ገባችሁ?" የሚለውም ጥያቄ እንዲሁ ነው። ልጆች "አዎ" የሚሉት መምህሩ እንዲደሰት ነው። በጓደኞቹ ፊት እጁን አውጥቶ "አልገባኝም" የሚል የ3ኛ ክፍል ልጅ ብዙ አይታይም። በቃል ከመጠየቅ አንድ ጥያቄ ስጡና ዴስክ ለዴስክ ዞራችሁ ደብተር እዩ። ለምሳሌ 42 ሲቀነስ 17። መልሱ 25 ነው። ነገር ግን 35 ብሎ የጻፈ ልጅ አታጡም። ዝም ብላችሁ ኤክስ አታድርጉበት። ከላይ ያለው 2 ከታች ካለው 7 ሲያንስበት፣ ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ቀንሶ 5 አግኝቷል። ከዚያ ከ4 ላይ 1 ቀንሶ 3 ጽፏል። ይህ ልጅ መቀነስ ይችላል። ያልገባው አስሩን መፍታት ነው። ይህን ስታውቁ ሥራችሁ ግማሽ በግማሽ አለቀ።

ለታይታ የሚሠራ ቲቺንግ ኤይድ

35 ብሎ ለጻፈው ልጅ የሚያስፈልገው ቲቺንግ ኤይድ (መርጃ መሣሪያ) ከአንድ እፍኝ ስንጥር አይበልጥም። አስር አስሩን በክር እሰሩ። 4 እስርና 2 ነጠላ ስጡት። "7 አውጣልኝ" በሉት። ነጠላው አይበቃውም፤ አንዱን እስር ራሱ ይፈታዋል። 12 ነጠላ ሲሆንለት 7 ያወጣል፣ 5 ይቀረዋል። ከዚያ ከ3ቱ እስር አንዱን ሲሰጣችሁ 2 እስርና 5 ነጠላ እጁ ላይ ይቀራል። መበደር የምንለውን በጣቱ ነካው ማለት ነው።

እኔ ግን በብዛት የማየው ሌላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተለፍቶ ማዳበሪያ ላይ ወይም ካርቶን ላይ በቀለም ያሸበረቀ ሥዕል ይመጣል። ሰሌዳው ላይ 5 ደቂቃ ይሰቀላል። ልጆች አይነኩትም፣ እንዳይቆሽሽ። ከዚያ ይጠቀለላል። ቅጹ ላይ "መርጃ መሣሪያ ተጠቅሟል" የሚለው ራይት ይደረግበታል። የለፋችሁበትን አላጣጥልም። ግን ቆርኪ፣ ጠጠር፣ ባቄላ ሰብስቡ፤ ለሁሉም ይዳረሳል። አካባቢ ሳይንስ ከሆነ ደግሞ ግቢው ሙሉ ነው። ስለ ቅጠል ክፍሎች ለማስተማር ቅጠል ከመሳል፣ ለእያንዳንዱ ዴስክ አንድ አንድ ቅጠል ማደል ይሻላል።

ክፍሉን ለሞኒተሩ መተው

ክፍሉ ሲንጫጫ ብዙ እጩ መምህራን ዴስኩን በዳስተር እየመቱ "ዝም በሉ!" ይላሉ። ልጆቹ ለአፍታ ዝም ይሉና እንደገና ይጀምራሉ። እጩው ይጮኻል፣ እነሱም ይጮኻሉ። በሳምንቱ መጨረሻ ድምፁ ተዘግቶ የሚመጣ አለ።

ቀጥሎ የሚመጣው መፍትሔ ሞኒተሩ ነው። ሰሌዳው ጥግ ላይ "የረበሹ ተማሪዎች" ተብሎ ይጻፋል፤ በስሞቹ አጠገብ ኤክስ ይደረደራል። ሞኒተሩ የተጣላውን ይጽፋል፣ ማስቲካ የሰጠውን ይሰርዛል። የ9 ዓመት ልጅ ላይ ይህን ሥልጣን መጫን ለእሱም ለሌሎቹም ጥሩ አይደለም።

መጀመሪያ ልጆቹ ለምን እንደሚያወሩ እዩ። ሥራውን ቶሎ ጨርሰው ይሆናል፤ ተጨማሪ ጥያቄ ይኑራችሁ። ምን እንደሚሠሩ አልገባቸው ይሆናል፤ መመሪያውን አሳጥሩት። ትኩረት ስትፈልጉ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ወይም በጭብጨባ ምት አስለምዷቸው፤ እናንተ ሁለቴ ስታጨበጭቡ እነሱ ሦስቴ ይመልሱ። በቡድን ሲሠሩ ደግሞ ያውሩ፤ ስለ ትምህርቱ እስካወሩ ድረስ ጩኸቱ ምንም አይደል።

ዱላ መውረስ

እዚህ ላይ አልለሳለስም። ኮሌጅ ሳይኮሎጂ ተምራችሁ ትመጣላችሁ። ከዚያ አንድ ነባር መምህር አርጩሜውን ያቀብላችሁና "እነዚህ ያለዚህ አይሰሙም" ይላችኋል። አትቀበሉ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ በአካላቸው ላይ ከሚፈጸም ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ ይደነግጋል። ማንበርከክ፣ ጆሮ መጎተት፣ ፀሐይ ላይ ማቆምም ያው ነው።

ከነባሩ መምህር ጋር መጨቃጨቅ አያስፈልግም። "እኔ በሌላ መንገድ ልሞክር" ማለት ይበቃል። የቤት ሥራ ያልሠራውን ልጅ ለብቻው ጠርታችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁት። እስክሪብቶ አልቆበት ይሆናል። እናቱ ጉልት ስትውል ታናሽ እህቱን የሚጠብቀው እሱ ይሆናል። በእረፍት ሰዓት አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ይሥራው። የሚፈራችሁ ልጅ "አልገባኝም" አይላችሁም፤ ከላይ ያልኩት ሁሉ ከንቱ የሚሆነው ያኔ ነው።

የኋላ ዴስኮችን መርሳት

ክፍላችሁ ውስጥ ከ50 በላይ ልጅ ሊኖር ይችላል። እጃቸውን እያወጡ "ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!" የሚሉት ግን ጥቂት ናቸው። ሳታስቡት ለእነሱ ብቻ ታስተምራላችሁ።

አንዴ አንዲት እጩ መምህር ከጎኑ ካለው ልጅ ደብተር የሚገለብጥ ልጅ አገኘችና "ለምን ትኮርጃለህ?" ብላ ተቆጣችው። እረፍት ላይ አብረን ጠጋ ብለን ስናየው ሰሌዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ለማየት ዓይኑን ያጨነቁራል። ፊት ዴስክ ላይ ስናስቀምጠው መገልበጡን ተወ። ወላጆቹንም ዓይኑን እንዲያስመረምሩት ጠራናቸው። እንዲህ ያሉ ልጆች በየክፍሉ አሉ። ጆሮው የሚቸገር አለ። ከገጠር ወይም ከሌላ ክልል በቅርቡ መጥቶ አማርኛው ገና ያልለመደለት፣ ዝምታው ስንፍና የሚመስል አለ።

በመጀመሪያው ሳምንት የመቀመጫ ካርታ ሥሩ። እያንዳንዱ ዴስክ ላይ ማን እንዳለ ጻፉ። ልጅ ስትጠይቁ ስሙ አጠገብ ነጥብ አድርጉ። ዓርብ ላይ ነጥብ የሌላቸውን ስሞች ታያላችሁ፤ ሰኞ ከእነሱ ጀምሩ። "አንተ፣ ቢጫ ሹራብ!" ከማለትም ትድናላችሁ። በስሙ የተጠራ ልጅ ፊቱ ይበራል።

ሰሌዳውን በተመለከተ አጭር ነው። ጀርባ ሰጥታችሁ ሙሉ ኖት አትገልብጡ። 1ኛ እና 2ኛ ክፍል ላይ ደግሞ የእጅ ጽሑፋችሁን ልጆቹ እንዳለ ይቀዱታል። ፊደሉን በጥድፊያ አትጻፉ።

ከሜንተር ጋር አለመነጋገር

ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እጩው ክፍሉን ይረከብና ሜንተሩ ስታፍ ሩም ቡና ይጠጣል። ይህ የሜንተሩም ጥፋት ነው፣ እናገረዋለሁ። "ዛሬ አንድ ፔሬድ ተቀምጠው ይዩኝ፣ ጥያቄ አጠያየቄን ብቻ ይከታተሉልኝ" ብላችሁ በትህትና ጠይቁ። የሚታየው ነገር አንድ ከሆነ አስተያየቱም እጅ እግር ይኖረዋል። ሁለተኛው የሜንተሩን አሠራር በሌሎች መምህራን ፊት መተቸት ነው። ይህ ወሬ ሳይውል ሳያድር ይደርሰዋል። ያኔ ያቺ ክፍል ለእናንተ ትዘጋለች።

ከሲኒየር የተቀዳ ፖርትፎሊዮ

አምና የጨረሰ ሲኒየር ያዘጋጀው ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የፕራክቲከም ሥራው የተሰበሰበበት ፋይል፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አያለሁ። ስምና ቀን ብቻ ይቀየራል። "ተማሪዎቹ በንቃት ተሳትፈዋል" የሚል ዓረፍተ ነገር በየገጹ አለ። ማን ተሳተፈ? ምን አለ? የለም።

ከፔሬዱ እንደወጣችሁ፣ ሳትረሱት፣ ሦስት መስመር ጻፉ። ያልጠበቃችሁት አንድ የልጅ መልስ፣ ከየት የመጣ እንደሚመስላችሁ፣ ነገ ምን ልትለውጡ እንዳሰባችሁ። "35 ብሎ የጻፈው ልጅ" የሚል አንድ መስመር ከአስር ገጽ ቅጂ ይበልጣል። ሱፐርቫይዘሩ ስለዚያ ልጅ ሲጠይቃችሁ የምትሉት አታጡም።

ሳይናገሩ መሄድ

የፕራክቲከሙ ጊዜ ሲያልቅ በድንገት አትጥፉ። ልጆቹ ቀድመው ይወቁ፤ በተለይ የ1ኛ ክፍል ልጆች "ቲቸር የት ሄደች?" እያሉ ሰንብተው ያውቃሉ። መጥታችሁ የማትጎበኟቸው ከሆነ "እመጣለሁ" አትበሏቸው። የሰበሰባችኋቸውን ደብተሮች አርማችሁ መልሱ። ከዚያ የመቀመጫ ካርታችሁን ለሜንተራችሁ ስጡ። ማን ፊደል ከተራ ውጪ ሲጠየቅ እንደሚቸገር፣ ማን ሰሌዳ እንደማይታየው፣ የማን ወላጅ ቢጠራ ጥሩ እንደሆነ ጀርባው ላይ ጻፉበት። እኛ በሚቀጥለው ሰኞ ከዚያ እንጀምራለን።