ማጅራት ገትር ሲሆን ባትሠሯቸው የምለምናችሁ ስህተቶች

መሃል አዲስ አበባ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ማጅራት ገትር (የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ሽፋን መቆጣት) በየቀኑ አይመጣም። ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው። በባክቴሪያ የሚመጣው ዓይነት ሰውን በ24 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከሚይዛቸው 6 ሰዎች 1ዱ ይሞታል፤ ከ5ቱ 1ዱ ደግሞ ከባድ ጉዳት ይተርፈዋል። ስለዚህ «እስኪ ይንጋና እናያለን» የሚባልበት በሽታ አይደለም። በሌሊት መኪና ካጣችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

«ምች ነው»

ዳማ ከሴ ይጨመቃል፣ ግንባር ይታሻል፣ ጋቢ ይደረባል። ከዳማ ከሴ ጋር ጠብ የለኝም፤ እናቴም ስታሸኝ ነው ያደግኩት። ነገር ግን ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ያለበት ሰው ካስመለሰው፣ ብርሃን ካስጠላው፣ አገጩን ደረቱ ላይ ማድረስ ካቃተው፣ መቀባዠር ከጀመረ ወይም ካንቀጠቀጠው ጋቢውን እንደለበሰ ይዛችሁት ውጡ። ምልክቶቹ ሁሉ እስኪሟሉም አትጠብቁ። ትኩሳት ላይ መቀባዠር ብቻ ይበቃል።

ጨቅላ ላይ የአንገት መገተር መፈለግ

ሕፃን አንገቱ ላይገተር ይችላል። ትኩሳትም ላይኖረው፣ እንዲያውም ሰውነቱ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ጡት እንቢ ካለ፣ ከተዝለፈለፈ፣ ሲያቅፉት ለቅሶው ከባሰ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ ያ ይበቃል።

ከፋርማሲ መጀመር

«ትናንት ታይፎይድ ተብሎ ነበር፣ መድኃኒት ገዝተንለታል።» ታይፎይድ የሚባልበት የደም ምርመራ፣ ዊዳል፣ ድሮ በነበረ ኢንፌክሽንም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ሁለት ሦስት ፍሬ አንቲባዮቲክ ደግሞ ማጅራት ገትርን አያድንም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ላብራቶሪ ላይ ባክቴሪያው እንዳይገኝ መደበቅ ነው። የዋጠውን ሁሉ ከነፓኬቱ አምጡልን፣ አንቆጣም። እሺ፣ ትንሽ እንቆጣለን።

«ጀርባውን አናስነካም»

ይኼኛው ነው የሚያንገበግበኝ። ሐኪሙ «ከወገቡ ፈሳሽ ወስደን እንመርምር» ሲል አስታማሚው ሁሉ ብድግ ይላል። ኮሪደር ላይ ሽምግልና ይጀመራል። ክፍለ ሀገር ይደወላል። አንድ ማታ የአንድ ወጣት አጎት ክንዴን ያዝ አድርገው፦

«ሲስተር፣ የእኛ ሰፈር ልጅ በዚች መርፌ ሽባ ሆኖ ቀርቷል።»

«አባባ፣ ሽባ የሚያደርገው በሽታው ነው እኮ፣ መርፌው አይደለም።»

«እሱን እግዜር ነው የሚያውቀው» አሉና ስልካቸውን አወጡ። ጎንደር ያለው ታላቅ ወንድም ስልክ እስኪያነሳ ድረስ ልጁ ስሙ ሲጠራ መመለስ አቆመ። ሲፈርሙ የወጣው ፈሳሽ እንደ ሩዝ ውሃ የደፈረሰ ነበር። የጤነኛ ሰው ጥርት ያለ ነው።

እስኪ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። የአዋቂ ሰው ሕብለ ሰረሰር የሚያበቃው ከወገብ በላይኛው ክፍል ላይ ነው። መርፌው የሚገባው ከዚያ ዝቅ ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ራስ ምታትና የወገብ ሕመም ሊኖር ይችላል፤ በአብዛኛው በቀናት ውስጥ ያልፋል። ጭንቅላት ውስጥ ግፊት ጨምሯል ብሎ ከሰጋ ሐኪሙ ራሱ ቀድሞ ሲቲ ስካን ያዛል፣ ወይም ያቆየዋል። «ታዲያ መድኃኒቱን ብቻ ስጡት» የሚሉም አሉ። የትኛውን? ሴፍትሪአክሶን የሚባለው የአንቲባዮቲክ መርፌ ለብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ጥሩ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ጀርም ወደ አንጎል ሽፋን ወጥቶ ከሆነ ግን አይሠራም፣ ፈንገስ ከሆነም አይሠራም። የሚለየው ያ ፈሳሽ ነው። ምርመራው በማንኛውም ምክንያት ከዘገየ ደግሞ መጨቃጨቁን ትታችሁ «አንቲባዮቲኩ ተጀምሯል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እሱ መጠበቅ የለበትም።

ጸበልን በተመለከተ፦ ጸበሉም ይቀጥል፣ መርፌው ግን ይቅደም።

«ልጄ ተከትቧል»

ጥሩ አድርገሻል። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡት ክትባቶች ከዋና ዋናዎቹ ባክቴሪያዎች ሁለቱን ይከላከላሉ። ሁሉንም ግን አይከላከሉም፤ ስለዚህ ምልክት ካየሽ ካርዱን ይዘሽ ነይ።

ሽፍታን ክንድ ላይ ብቻ መፈለግ

በጠቆረ ቆዳ ላይ ቶሎ አይታይም። መዳፍ፣ የእግር ጫማ፣ የዓይን ቆብ ውስጥና አፍ ውስጥ ተመልከቱ። ብርጭቆ ሲጫኑበት የማይጠፋ ነጠብጣብ ካለ ሩጡ። ከሌለም «ሽፍታ የለውም» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ብዙዎቹ ላይ አይወጣም።

እንዳይዘን ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ሲፕሮ (አንቲባዮቲክ) መዋጥ

መከላከያ በዋናነት የሚሰጠው በሽታው መኒንጎኮከስ በሚባለው ባክቴሪያ የመጣ ሲሆን ነው፤ ያውም አብሮ ለሚኖርና በጣም ለተቀራረበ ሰው። ለማን እንደሚገባ ሐኪሙን ጠይቁ።

ትኩሳቱ ሲበርድ «አውጡልን» ማለት

አይሆንም። የአንቲባዮቲኩ መርፌ በታዘዘው ቀን ልክ ማለቅ አለበት።

ሲወጣም የጆሮ ምርመራ ሳታስደርጉ አትሂዱ። ማጅራት ገትር መስማትን ይነጥቃል፣ ትንሽ ልጅ ደግሞ አልሰማም ብሎ አይነግራችሁም። «ደፋር ሆኗል፣ ስጠራው አይመልስም» እያሉ ከወራት በኋላ ይዘውት የሚመጡ ወላጆች አሉ። ምርመራው ከመውጣቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ካልተቻለ በ4 ሳምንት ውስጥ ቀጠሮ አስይዙ።