በብርድ ወራት ለውሻችሁ የፍሊስ ልብስ እንዴት ትመርጣላችሁ?

ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ የወሎ ደጋ ብርድ ይጀምራል። እስከ ጥር ድረስ የደሴ ሌሊት ያንዘፈዝፋል። ወደ ወረኢሉ ወይም ወደ ደላንታ ከወጣችሁማ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ታገኙታላችሁ። ሰው ጋቢውን ደርቦ ይተኛል፤ ግቢ ጠባቂው ውሻ ግን ሲሚንቶ ላይ ተጠቅልሎ ያድራል። ያሳዝናል። አንጀታቸው የማይችል ሰዎች ልብስ ሊገዙለት ሲወጡ ታዲያ ብዙ ጊዜ ያገኙትን ወፍራም ነገር ይዘው ይመለሳሉ። ከውፍረቱ ይልቅ መታየት ያለበት ልኩ ነው። ቶሎ የሚጠለቅና ቶሎ የሚወልቅ መሆኑም እንደዚያው።

መጀመሪያ ግን ውሻው ልብስ ያስፈልገው እንደሆነ እዩ። ጀርባው ላይ ጸጉሩን በጣታችሁ ወደ ኋላ ግለጡት። ከላይኛው ጠንካራ ጸጉር ስር ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ ሌላ ጸጉር ካገኛችሁ አብሽሩ፤ ጤነኛ ከሆነ ደረቅ ማደሪያ ይበቃዋል። ጸጉሩ አጭርና ስስ ሆኖ ቆዳው ወዲያው ከታየ፣ ወይም ውሻው ቡችላ፣ ያረጀ፣ የከሳ፣ ከበሽታ ገና ያገገመ ከሆነ ልብሱ ይጠቅመዋል። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ትንሽ ሰውነት ያለውና ስብ የሌለው ውሻ ይህን ሙቀት ቶሎ ያጣል። ሲበርደው ይንቀጠቀጣል፣ ጀርባውን ያጎብጣል፣ እግሮቹን እያፈራረቀ ያነሳል። ከሞቀ ቦታ ገብቶም መንቀጥቀጡ ካልተወው ወይም ከደነዘዘ ጉዳዩ የልብስ አይደለም፤ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

ቦታውም ለውጥ አለው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ አየሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ለሚኖር ጤነኛ ውሻ ልብስ ባትገዙም ግድ የለም። የትም ሁኑ ግን ከልብሱ በፊት ማደሪያውን አስተካክሉ። ከሲሚንቶው ከፍ ያለ ጣውላ፣ በላዩ ደረቅ ጭድ፣ ነፋስ የማያስገባ ጎን። ይህ ሳይኖር የሚገዛ ልብስ ብዙ አይረዳም።

አሁን ወደ ጨርቁ እንምጣ። ፍሊስ ከፖሊስተር ክር ተሠርቶ ፊቱ እየተቦረሸ ጸጉር ጸጉር እንዲል የተደረገ ጨርቅ ነው። ሙቀት የሚይዘው በነዚያ ጸጉሮች መካከል የሚቀመጠው አየር ነው። ቀላል ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሲታጠብ ቶሎ ይደርቃል። ስትገዙ በአውራ ጣታችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ፈትጉት። ወዲያው ድብልብል ካለ ወይም ጸጉሩ ከረገፈ ተዉት። ቀጥሎ ጨርቁን አፋችሁ ላይ አስጠግታችሁ እፍ በሉበት፤ መዳፋችሁን ከማዶ አድርጉ። ትንፋሻችሁ መዳፋችሁ ላይ ከተሰማችሁ የጦሳ ተራራ ነፋስም እንዲሁ ያልፋል። ነፋስ በሚበዛበት ሰፈር ለምትኖሩ ከላዩ ነፋስ የማያሳልፍ ስስ ጨርቅ የተደረበበት ይሻላል። ዝናብ ግን ፍሊስን ያሸንፈዋል። ለክረምቱ ወይም ለበልጉ ዝናብ ብላችሁ አትግዙት፤ የረጠበ ልብስ ለብሶ ከሚያድር ባዶውን ደረቅ ቦታ ቢተኛ ይሻለዋል። ክብደቱ ከተጻፈበት በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚለው ለሚንቀሳቀስ ውሻ በቂ ነው። 300 የሚለው ላረጀውና ብዙ ለሚተኛው ይሁን።

ልክ መውሰድ ላይ አትቸኩሉ። ውሻውን ሜዳ ቦታ ላይ በአራት እግሩ አቁሙት፤ ከተቀመጠ ልኩ ይሳሳታል። የልብስ ሰፊ ሜትር ከሌላችሁ ሲባጎ ዙሩበትና በማስመሪያ ለኩት። አንደኛው ልክ አንገቱ ነው፣ ማሰሪያው የሚያርፍበት። ሁለተኛው የጀርባው ርዝመት ነው፤ ከአንገቱ ሥር እስከ ጅራቱ መነሻ። ሦስተኛውና ዋናው ደረቱ ነው፤ ከፊት እግሮቹ ጀርባ፣ ሰፊው ቦታ ላይ ዙሪያውን ለኩ። ጀርባው ትንሽ ቢያጥር ችግር የለውም፤ ደረቱ ከጠበበ ግን አተነፋፈሱን ያውከዋል። ሲለብስ ሁለት ጣት በቀላሉ መግባት አለበት። ለወንድ ውሻ የሆዱ በኩል አጠር ይበል፣ አለዚያ ሽንቱ ያርሰዋል።

ለውሻ ተብሎ የተሠራ ልብስ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። እንደኔ ከሆነ ጥሩው መላ ሰልባጅ ነው። ዚፕ ያለው የሕፃን ፍሊስ ሹራብ ፈልጉና ዚፑ በጀርባው በኩል እንዲውል አድርጋችሁ ሞክሩለት። ከዚያ ልብስ ሰፊ ዘንድ ውሰዱት። እጅጌዎቹ ከክርኑ በላይ ይቆረጡ፣ የሆዱም ትርፍ ይነሳ። ከዚፑ ስር የሁለት ጣት ስፋት ያለው ጨርቅ ይሰፋበት፤ አለዚያ ጸጉሩን ይነክሰዋል፣ ሁለተኛም አያስነካችሁም። በብብቱ በኩል ያለውን ስፌት በጣታችሁ ዳብሱት። ጎርበጥ ካለ ውሻው በተራመደ ቁጥር ቆዳውን ይልጠዋል፤ ሰፊው እንዲያሳሳው ንገሩት። ቁልፍና የተንጠለጠለ ገመድ ካለው አስወግዱ፤ ውሻ ያኝከዋል፣ ይውጠዋልም። ተሰፍቶ ሲያልቅ በሙቅ ውሃ እጠቡት።

የመጀመሪያ ቀን ቤት ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አልብሱትና እያያችሁት ይራመድ፣ ይቀመጥ፣ ይተኛ። ደርቆ ከቆመ ወይም ሊነክሰው ከሞከረ በግድ አታስለምዱት። ምግቡን ሲበላ ማልበስ ይረዳል።

የወሎ በጋ ሌሊቱ ሲበርድ ቀኑ ፀሐይ ነው። ስለዚህ ሲመሽ ማልበስ፣ ጠዋት ፀሐይ ግቢው ሲገባ ማውለቅ። ቀን ሙሉ የለበሰ ውሻ በሙቀት ይጎዳል። በሰንሰለት ለሚታሰር ውሻ ተጠንቀቁ፤ ሰንሰለቱ ልብሱ ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ማሰሪያው ከልብሱ በላይ ይዋል። ቡና ሲፈላ ደግሞ ልብሱን እንደለበሰ ከሰል አጠገብ አታስተኙት። ፍሊስ ፕላስቲክ ነው፤ ፍንጣሪ ሲያርፍበት ቀልጦ ቆዳው ላይ ይጣበቃል።

በየቀኑ ሲወልቅ ብብቱንና ደረቱን እዩ፤ ከቀላ ወይም ጸጉሩ ከሳሳ ልብሱ ይፈትገዋል ማለት ነው። ቁንጫ ፍሊስ ውስጥ ስለሚደበቅ በሳምንት አንዴ እጠቡት፤ ልብስ ማለስለሻ አትጨምሩበት፣ ጸጉሩን ይደፈጥጠዋል። አቅም ከፈቀደ ሁለት አሰፉለት፣ አንዱ ታጥቦ እስኪደርቅ ሌላውን ይለብሳል።